ታወሩ ላይ ምን ተሰቀለ? አዲስ የኔትወርክ ዕቃን በዓይን መለየት፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ስክሪን ሊያስቀይር የመጣ ሰው ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ከሚጠይቀኝ ነገር አንዱ ይሄ ነው፦ «እዚያ ታወር ላይ ሰዎች ወጥተው ሲሠሩ አየሁ። ፋይቭ ጂ ሊገባ ነው እንዴ?»

ድሮ አፌ እንዳመጣልኝ እመልስ ነበር። አንድ ጊዜ ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ አዲስ ሳጥን ተሰቅሎ አየሁና ለሰፈሩ ሁሉ «5ጂ መጣ» ብዬ አወጅኩ። አንዱ የሰፈር ልጅ አምኖኝ ደህናውን ስልኩን ሸጠ፤ ላዩ ላይ ጨምሮ 5ጂ የሚይዝ ገዛ። ለካ ሳጥኑ የድሮው ሬዲዮ ተነስቶ በቦታው የተተካ ነው። ልጁ እስከ ዛሬ በሱቄ በር ሲያልፍ «ጋሼ ፋይቭ ጂ፣ ሰላም ነው?» ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ነው አንገቴን አቅንቼ በደንብ ማየት የጀመርኩት። የተማርኩት ዋና ነገር አንድ ነው፦ የአንቴናውን ፊት ተዉት፣ ሥሩንና ጀርባውን እዩ። ፊቱ ፕላስቲክ ነው። የዛሬ አሥር ዓመት የተሰቀለውም፣ ትናንት የተሰቀለውም ከፊት ሲታይ ነጭ ሳንቃ ነው። ወሬው ያለው ገመዶቹ በሚገቡበት በኩል ነው።

ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት

ታወር ፎቶ ማንሳት በኛ አገር ዓይን ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆናችሁ ብቻ አንሱ። አጥር አትጠጉ፣ አጥር ውስጥ አትግቡ፣ ብረቱን አትንኩ። ከወታደር ካምፕ፣ ከኤርፖርት፣ ከፖሊስ ጣቢያ አጠገብ ያለ ታወር ከሆነ ጭራሽ ተዉት። ቁም ካሏችሁ ቁሙ፤ አጥፉ ካሏችሁ አጥፉ። ለአንቴና ፎቶ ብሎ ጣቢያ የሚያድር ሰው የለም።

ዘበኛ ካለ ቀድማችሁ ሰላም በሉ። እኔ አንድ ቀን ኮምቦልቻ ላይ ሳልናገር ስልኬን ቀና አደረግኩና አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ምንድን ነው የምታነሳው ልጄ?»

«አንቴናውን ነው አባባ። ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ አዲስ ዕቃ ተሰቅሎ እንደሆነ ለማየት ነው።»

«እና እኔን አትጠይቅም? ዕቃው የመጣው ማክሰኞ ነው። ባትሪውን አውጥተው ሌላ አስገቡ። ላይ የወጣ ሰው የለም።»

በአንድ ደቂቃ ውስጥ እኔ ግማሽ ቀን ቆሜ የማላገኘውን ነገሩኝ። ዘበኛ ከማንኛውም አፕሊኬሽን ይበልጣል። ብቻ አታዋክቧቸው፤ ሥራቸው መጠበቅ ነው።

ሌላ ጥንቃቄ ደግሞ ጣሪያ ላይ ልብስ ለምታሰጡ። ሕንፃው ላይ አንቴና ካለ ከፊቱ ቅርብ ላይ አትቁሙ። ሞገዱ የሚወጣው በፊት በኩል ነው፤ ጥቂት ሜትር ራቁ።

አንደኛ፦ ዛሬውኑ «የበፊት» ፎቶ አንሱ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኞቹ ወጥተው ከወረዱ በኋላ ይመጣና «አዲሱ የቱ ነው?» ይላል። የድሮውን ካላወቃችሁ አዲሱን በምን ትለያላችሁ? ስለዚህ ማሻሻያ ሳይጀመር፣ ምንም ወሬ ሳይኖር፣ በሰፈራችሁ ያሉትን ታወሮች አንድ በአንድ አንሱ።

የምትቆሙበትን ቦታ አስታውሱ። እኔ ለእያንዳንዱ ታወር አንድ ምልክት አለኝ፤ የአንዱ የመብራት ምሰሶ ነው፣ የሌላው የሻይ ቤት ደጅ ነው። ሁሌ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው የማቅረቢያ መጠን። ስልኬ ላይ ለእያንዳንዱ ማኅደር ከፍቻለሁ፦ «ሆጤ»፣ «ሰኞ ገበያ»፣ «ቧንቧ ውሃ የላይኛው»። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ስታደርጉ የተለወጠው ነገር ራሱ ይጮኻል።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም። 8 ወይም 10 እጥፍ የሚያቀርብ የርቀት መነጽር ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው። ከሌለ የስልኩ ካሜራ ይበቃል፤ ግን በጣም ሲያቀርቡት ምስሉ ይደበዝዛል። ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፉት፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ገመድ መቁጠር አይቻልም።

ደሴ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ከተማ ናት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በጦሳና በአዝዋ ገደል መሀል ተዘርግታለች። ዳገቱን ትንሽ ከወጣችሁ ከታች አንጋጣችሁ የምታዩት አንቴና በዓይናችሁ ትክክል ይመጣል፤ አንዳንዴም ከላይ ሆናችሁ ጀርባውን ታያላችሁ። ሌላ ከተማ ያለ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም። ጦሳ በምዕራብ ስለሆነ ወደዚያ የምታዩት ከሆነ በጠዋት ሂዱ፤ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ሆና ብረቱን ታበራላችኋለች። ከሰዓት በኋላ ያው ታወር ጥቁር ጥላ ነው። በክረምት ደግሞ ጉሙ ሲወርድ ታወሩም ይጠፋል፤ ሻይ ጠጡና ጠብቁ።

ኮምቦልቻ ሌላ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ 1,850 ሜትር ገደማ ስትደርሱ ሜዳ ነው፤ ታወሩ ከሰማይ ጋር ጥርት ብሎ ይታያል። ችግሩ ሙቀቱ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከአስፋልቱ የሚነሳው ግለት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ጨርሱ።

ሁለተኛ፦ የአንቴናውን ፊቶች ቁጠሩ

አብዛኛው ታወር ወደ ሦስት አቅጣጫ ይሠራል። እያንዳንዱ አቅጣጫ ሴክተር ይባላል፣ 120 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። በአንድ ሴክተር ስንት ሳንቃ እንዳለ ጻፉ። «በደቡብ በኩል ሁለት፣ በምሥራቅ ሁለት፣ በሰሜን አንድ» ይበቃል። ሥራው ሲጀመር አንዳንዴ አንድ ሴክተር ብቻ ይቀየርና ሌሎቹ ቆይተው ይከተላሉ። አንዱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

ቁመትና ስፋትም ይናገራል። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ 33 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። የ1800 ሜጋኸርዝ ሞገድ ደግሞ የዚህን ግማሽ ያህል ነው። ሞገዱ ሲረዝም አንቴናውም ይረዝማል፤ ስለዚህ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ሳንቃ ዝቅተኛውንም ሞገድ የያዘ ነው። ጠባቡ ሳንቃ ወርዶ በቦታው ሰፊ ሳንቃ ከተሰቀለ በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሞገድ ገብቷል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በአገራችን አሁን ሁለት የቴሌኮም ድርጅቶች አሉ። ሳፋሪኮም መስከረም 2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀምሯል። ታወር መጋራትም አለ። ስለዚህ ከድሮው አንቴና ዝቅ ብሎ በሌላ ከፍታ ላይ ሙሉ አዲስ ሦስት ሴክተር ካያችሁ የቴሌ ማሻሻያ ላይሆን ይችላል፤ ሌላ ተከራይ ገብቶ ይሆናል። ይህን የሚያረጋግጥላችሁ ስልካችሁ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፦ ሥሩን እዩ

መነጽሩን የገዛሁት ለዚህ ነው። ሳንቃው ታች ጫፍ ላይ ክብ ክብ መሰኪያዎች አሉ። ከእነሱ ጥቁር ገመድ ይወርዳል። ቁጠሯቸው።

አንድ አንቴና ለአንድ ሞገድ ቢያንስ ሁለት መሰኪያ ይፈልጋል። ውስጡ ሁለት ዓይነት ዘንግ አለ፤ አንዱ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ አንዱ ወደ ግራ። ሁለቱ ሞገዱን በተለያየ ማዕዘን ይልካሉ፣ ይቀበላሉ። ስለዚህ ሁለት መሰኪያ ብቻ ያለው አንቴና የድሮ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይሠራል። አራት ካለው ወይ ሁለት ሞገድ ይዟል፣ ወይ ደግሞ አንዱን ሞገድ በአራት መንገድ ይልካል። ይህ ሁለተኛው በ4ጂ የተለመደ ነው፤ ፍጥነቱን ከፍ ያደርጋል። ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት ከቆጠራችሁ አዲስ ትውልድ አንቴና ነው፤ ጥርጥር የለውም።

መሰኪያ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ገመድ ገብቶበታል ወይ? ያልተነካ መሰኪያ ክዳን አለው። ክዳኑ ገና ካለ ቦታው ተዘጋጅቷል፣ ዕቃው ግን አልመጣም። ገመድ የገባበት መሰኪያ ደግሞ ውሃ እንዳይገባ በጥቁር ቴፕ ይጠቀለላል። አዲስ ቴፕ ያብረቀርቃል። ሁለት ክረምት ያለፈበት ይገረጣል፣ አቧራ ይለብሳል፣ ጫፉ ይላጣል። ገመዱን ከብረቱ ጋር የሚያስረው የፕላስቲክ ማሰሪያም ያው ነው፤ አዲሱ ጥቁር ነው፣ አሮጌው አመድማ። አንዴ ይህን ካያችሁ በኋላ ከመንገድ ማዶ ሆናችሁ «ይሄ የዚህ ወር ሥራ ነው» ማለት ትችላላችሁ።

ከመሰኪያዎቹ አጠገብ ትንሽ ጣሳ የምትመስል ነገር ቀጭን ገመድ ይዛ ካያችሁ አንቴናውን ከርቀት የምታዘነብለዋ ሞተር ናት። ድሮ አንቴናውን ወደ ታች ለማዘንበል ሰው መውጣት ነበረበት። እንደ ደሴ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ይህች ትንሽ ጣሳ ትልቅ ነገር ናት።

አራተኛ፦ ጀርባውን እዩ

ከአንቴናው በስተጀርባ ወይም ከሥሩ፣ ምሰሶው ላይ ታስሮ፣ ጀርባው እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ ሳጥን ታያላችሁ። ሬዲዮው ይሄ ነው። ባለሙያዎቹ አር አር ዩ ይሉታል። ስንጥቆቹ ሙቀት ማስወጫ ናቸው፤ ማራገቢያ የለውም።

ድሮ ሬዲዮው ታች ቤቱ ውስጥ ነበር። ከዚያ እስከ አንቴናው አውራ ጣት የሚያህል ወፍራም ገመድ ይወጣ ነበር፤ ጉልበቱ ግማሹ መንገድ ላይ ይባክናል። አሁን ሬዲዮው ላይ ወጣ። ከታች የሚመጡት የኤሌክትሪክ ገመድና ቀጭን ፋይበር ብቻ ናቸው። ሬዲዮውን ከአንቴናው የሚያገናኘው ደግሞ አንድ ሁለት ሜትር የሆነ አጭር ገመድ ነው።

ስለዚህ የማሻሻያ ምልክቱ መጨመር ብቻ አይደለም፤ መቀነስም ነው። ደረጃውን ተከትሎ ይወጣ የነበረው ወፍራም ጥቅል ከሳሳ ወይም ጫፉ ላይ ተቆርጦ ከተንጠለጠለ ሬዲዮው ወደ ላይ ወጥቷል።

ሳጥን ባያችሁ ቁጥር ግን እንደኔ አትጩኹ። የድሮው ሁለት ነበረ፣ አሁንም ሁለት ከሆነ ምናልባት መተካት ብቻ ነው። ሁለት የነበረው አራት ከሆነ ግን ሞገድ ተጨምሯል።

አምስተኛ፦ 5ጂ ምን ይመስላል?

አብሽሩ፣ ከሁሉም የሚቀለው ይሄ ነው። የ5ጂ ዕቃ በብዛት አንቴናና ሬዲዮ አንድ ላይ የተጋገረ ነው። አጭርና ሰፊ ነው፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያንሳል፣ ወርዱ 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ያያል። ፊቱ ለስላሳ፣ ጀርባው ማበጠሪያ።

ቁርጡን የሚነግራችሁ ገመዱ ነው። ከሬዲዮ ወደ አንቴና የሚሄድ አጭር ገመድ የለውም። ኤሌክትሪክና ፋይበር ብቻ ይገባበታል። የኔ ሳጥን ከሥሩ አራት አጫጭር ገመዶች ወጥተው አንቴናው ሥር ይገቡ ነበር። ያን ጊዜ ያንን ባይ ኖሮ ያ ልጅ ስልኩን አይሸጥም ነበር።

የሚያጥረው ሞገዱ ስለሚያጥር ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የ3.5 ጊጋኸርዝ ሞገድ 8.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በትንሽ ሳንቃ ውስጥ ብዙ ዘንግ ይገባል። አብዛኞቹ 32 ወይም 64 ላኪ አላቸው። ግን አንድ ማሳሰቢያ፦ ይኸው ዓይነት ሳጥን ለ4ጂም ይሠራል። ቅርጹን አይታችሁ «ሳይሆን አይቀርም» በሉ እንጂ «ነው» አትበሉ። ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ አበባ ላይ 4ጂን በ2007 ዓ.ም.፣ 5ጂን ለሙከራ ደግሞ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው የጀመረው። በሁለቱ መሀል ሰባት ዓመት አለ፤ ስለዚህ አንድ ሳጥን አይታችሁ አትቸኩሉ።

ስድስተኛ፦ ሳህኑንና ታችኛውን ግቢ አትርሱ

ክብ ከበሮ የሚመስለው ነገር ለስልካችሁ አይደለም። ታወሩ ከሌላ ታወር ጋር የሚያወራበት ነው። ስለዚህ አዲስ ሳህን አዲስ አገልግሎት አይደለም፤ የመንገድ ማስፋት ነው። 4ጂ ተሰቅሎ ይህ መንገድ ጠባብ ከሆነ ስልካችሁ ላይ «4ጂ» ተጽፎ ቪዲዮ ግን ይሽከረከራል። ትልቁ ከበሮ ወርዶ ሰሃን የምታህል ትንሽ ከተተካች አትዘኑ። በ70 እና 80 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት ትናንሽ ናቸው፤ ርቀታቸው አጭር ነው፣ የሚሸከሙት ግን ከትልቁ ይበልጣል። ዝናብ ግን አይወዱም።

ከሁሉ የሚሻለው ዜና ሳህኑ ወርዶ ምንም ሳይተካ ሲቀር ነው። ያኔ መሬቱን እዩ። እስከ አጥሩ ድረስ አዲስ የተቆፈረና የተደፈነ መስመር ካለ ፋይበር ገብቷል።

ግቢው ውስጥ አዲስ ካቢኔት፣ አዲስ ጄኔሬተር፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ካያችሁም ጻፉ። ብዙ ዕቃ ብዙ መብራት ይበላልና ብዙ ጊዜ ከላይኛው ሥራ በፊት ታችኛው ይቀድማል። የዘበኛው ባትሪ ትዝ ይላችኋል? ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ላይ ወጡ። ደግሞ ነጭ እንጉዳይ የመሰለች ጡጫ የምታህል ነገር ወደ ሰማይ ካየች ጂፒኤስ ናት። ታወሩ ሰዓቱን በእሷ ያስተካክላል።

ሰባተኛ፦ ስልካችሁን ጠይቁ

የተሰቀለ ሁሉ አልበራም። ስለዚህ መጨረሻው ስልክ ነው። ብዙ አንድሮይድ ላይ *#*#4636#*#* ስትደውሉ የመሞከሪያ ገጽ ይከፈታል። ካልከፈተ ሴልማፐር ወይም ኔትሞንስተር የሚባሉትን አፕሊኬሽኖች ጫኑ።

መጀመሪያ የድርጅቱን ቁጥር እዩ። ኢትዮጵያ 636 ናት። 636-01 ኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ 636-02 ሳፋሪኮም። ተከራይ ነው ወይስ ባለቤት የሚለው ጥያቄ እዚህ ይፈታል፤ ሁለት ሲም ያለው ስልክ ሁለቱንም ያያል።

ቀጥሎ የሴል ቁጥሩን። በ4ጂ ይህን ረጅም ቁጥር ለ256 አካፍሉት። ሙሉ ቁጥሩ የታወሩ መለያ ነው፣ ቀሪው የሴክተሩ። ለምሳሌ 25963777 ቢሆን ታወሩ 101421፣ ሴክተሩ 1 ነው። በታወሩ ዙሪያ ዞራችሁ የምታገኙትን ቀሪ ሁሉ ጻፉ። ከወር በፊት 1፣ 2፣ 3 ብቻ ከነበረና አሁን 11፣ 12፣ 13 ከተጨመረ አዲስ ሞገድ በርቷል።

የትኛው ሞገድ እንደሆነ ኤርፍሲኤን (EARFCN) የሚባለው ቁጥር ይነግራችኋል። ከ1200 እስከ 1949 ከሆነ 1800 ሜጋኸርዝ ነው። ከ0 እስከ 599 ከሆነ 2100፣ ከ6150 እስከ 6449 ከሆነ 800። አፕሊኬሽኑ ቲ ኤ (TA) የሚል ካሳየ ደግሞ በ78 አባዙት፤ ከታወሩ ያላችሁ ርቀት በሜትር ይወጣል። 5 ካለ 390 ሜትር ያህል። ደሴ ላይ ይህ ይጠቅማል፤ ተራራው ስላለ አንዳንዴ ከአጠገባችሁ ያለውን ትታችሁ ማዶ ያለውን ነው የምትይዙት።

በዚያው የመሞከሪያ ገጽ ስልኩን «4ጂ ብቻ» ማድረግ ይቻላል። ለሙከራ ጥሩ ነው። ግን መልሱት! በ4ጂ ላይ ድምፅ የማይሠራለት ስልክ ከሆነ ጥሪ አይገባም። እኔ ረስቼው እናቴ አንድ ሙሉ ቀን ስትደውልልኝ ውላ «ምን ሆንክብኝ» ብላ ሰው ልካብኛለች።

ዳታ በጠፋበት ጊዜ ይህ ሁሉ ብዙ አይነግራችሁም። ያኔ ፎቶውን ብቻ አስቀምጡ። ሌሊት ከ6 ሰዓት በኋላ ኔትወርክ ጥፍት ብሎ ጠዋት ከተመለሰ ደግሞ በማግስቱ ሄዳችሁ ቁጥሮቹን እዩ። አዲስ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚገናኘው ሰው ሲተኛ ነው።

ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ጣሪያ ላይ ባለፈው ሰሞን ሰፊ ሳንቃ ተሰቀለ። ትናንት ጠዋት መነጽሬን ይዤ ዳገቱን ወጣሁና ሥሩን ቆጠርኩ። አሥር መሰኪያ አለው። ስድስቱ አዲስ ቴፕ ለብሰዋል። አራቱ ክዳናቸው ገና አልተነሳም። ስወርድ ያ ልጅ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«እሺ ጋሼ፣ ገባ?»

ስልኬን አውጥቼ አራቱን ክዳን አሳየሁት።